ቦይ ለቦይ፦ የቆጋን ውሃ ተከትሎ ቀኑን ሙሉ ሳይክል እንዴት እንደሚነዳ

መጀመሪያ የቆጋን የመስኖ ቦይ ተከትዬ የወጣሁ ቀን ጎማዬ ሦስት ጊዜ ተነፈሰ። ሦስቱንም ጊዜ ያስተነፈሰችኝ አንዲት እሾህ ናት። ያቺው አንዷ። እንዴት እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሳሁትም ግማሹ በእሷ ብሽቀት ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከአብሮ አደጌ ነው። እንግሊዝ አገር ይኖራል። እዚያ ባቡር የተወውን የድሮ ሐዲድ ነቅለው የሳይክል መንገድ ያደርጉታል። ከብሪስቶል እስከ ባዝ የሚሄደው 21 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የቦይ ዳር መንገድም አላቸው። ድሮ በቦዩ ላይ የሚሄደውን ጀልባ በገመድ የሚጎትተው ፈረስ ነበር፤ ፈረሱ የተመላለሰበት ዳር ዳሩ ነው ዛሬ ሳይክል የሚነዳበት። አንድ ፎቶ ላከልኝ። የድልድዩ የድንጋይ ጠርዝ በገመዱ ፍትጊያ ተቦርቡሮ፣ ጣት የሚያስገባ ቦይ ቦይ ሠርቷል። ድንጋይ! በገመድ! ከሥሩ «ቀኑን ሙሉ ነድቼ አንድ ዳገት አልወጣሁም» ብሎ ጽፎልኛል። ባቡር ዳገት አይችልም፣ ውሃም ሽቅብ አይሄድም፣ ስለዚህ በእነሱ መንገድ የሄደ ሰው ጉልበቱ ይተርፈዋል ማለቱ ነው።

እኛ ጎጃም ሐዲድ የለንም። የጅቡቲው ባቡር በ1917 እንደ ፈረንጆቹ አዲስ አበባ ሲገባ እዚያው ቆመ፣ ዓባይን አልተሻገረም። ቦይ ግን አለን። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። ዋናው ቦይ ብቻውን 20 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ከጎኑ ደግሞ ለጥገና መኪና የተሠራ መንገድ አብሮት ይሄዳል። ያ መንገድ ነው የኛ ሐዲድ።

መቼ ይወጣል

ክረምት አይታሰብም። መራዊ ያለበት የሜጫ ቀይ አፈር ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው፤ ደግሞ ጭቃው ጎማና ፍሬን መሃል ገብቶ ይደርቅና ሳይክሉን ተሸክማችሁ ትመጣላችሁ። ከኅዳር እስከ የካቲት ጥሩ ነው። ውሃው ተለቆ፣ ማሳው አረንጓዴ ሆኖ የምታገኙትም በዚያ ጊዜ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ሌላው ነገር መንገዱ ሰላም መሆኑን መጠየቅ ነው። በዋዜማው መራዊ ያለ ሰው ጋ ደውሉ። «ዛሬ ይቅርባችሁ» ካላችሁ ይቅርባችሁ፤ ቦዩ የትም አይሄድም።

ሳይክሉ

እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። ባሕር ዳር ውስጥ ሾክ ያለው፣ ሃያ አንድ ማርሽ የተጻፈበት ሳይክል የያዘ ልጅ ሁሉ ለረጅም መንገድ እሱ ካልሆነ ይላል። እኔ አይመስለኝም። ርካሹ ሾክ የሚሠራው የመጀመሪያውን ወር ነው። ከዚያ በኋላ ክብደት ብቻ ነው፤ ሃያ አንዱ ማርሽ ደግሞ ሲበላሽ መንገድ ላይ የሚያስተካክልላችሁ የለም። ቦይ ዳር ዳገት የለም ብለናል፣ ታዲያ ማርሹ ለምን ይጠቅማል? አባቶቻችን የነዱት ፎኒክስ፣ ወፍራም ኮፐርቶን (የውጭ ጎማ) ከገባለት፣ ኋላው ላይ መጫኛ ካለው፣ በቂ ነው። ኪራይ ሳይክል ግን አትውሰዱ። የኪራይ ሳይክል ኮርቻ ለአንድ ሰዓት ተብሎ የተሠራ ነው፣ ስምንት ሰዓት ስትቀመጡበት ታውቁታላችሁ።

ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። ፍሬኑ ይይዛል ወይ? ካቴናው ዘይት ነክቶታል ወይ? የጎማዎቹ ብሎን ጠብቋል ወይ? ሌላውን ተዉት።

የምትይዙት፦ ሦስት ሊትር ውሃ፣ ዳቦ ወይም ቆሎ፣ በሶ። በሶን አትናቁ። በአንድ ሃይላንድ ሩብ ድረስ በሶ ጨምራችሁ፣ ስኳርና ትንሽ ጨው አድርጋችሁ ያዙ፤ ስትደክሙ ውሃ ሞልታችሁ ብትመቱት ምሳ ነው። ከዚያ ትርፍ ካላማዳሪ (የውስጥ ጎማ)፣ ፖምፓ፣ መለጠፊያ፣ ማስቲሽ፣ የብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ፣ 15 ቁጥር ቁልፍ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያና ትንሽ ጥጥ። ማንኪያውና ጥጡ ለምን እንደሆነ ይመጣል።

እስከ መራዊ

ከባሕር ዳር መራዊ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው፣ በመሸንቲ በኩል። ጎበዝ ነኝ የሚል ይንዳው። እኔ ሳይክሌን ሚኒባስ አናት ላይ አስጭኜ ነው የምሄደው፣ አላፍርበትም። መንገዱ ወደዚያ ሲሄድ ከፍ ይላል፤ አይሱዙ ደግሞ በክንዳችሁ ሥር ሲያልፍ የሚለቀው ነፋስ ወደ ቦዩ ሳይሆን ወደ ሌላ ዓለም ያደርሳል። ጉልበታችሁን ለመልስ አቆዩት። ረዳቱ ሲጭን ግን አጠገቡ ቁሙ። ካቴናውን ወደ ላይ አድርጎ እንዲያስተኛው፣ በፔዳሉ የሰው ሻንጣ እንዳይቀድ ንገሩት። ሒሳቡን ከመጫኑ በፊት ጨርሱ።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ መራዊ ብትደርሱ ሸጋ ነው። ሻይ በዳቦ ጠጥታችሁ ወደ ግድቡ የሚወስደውን ኮረኮንች ጠይቁ። ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

ዋናውን ቦይ መያዝ

ግድቡ ላይ ስትደርሱ ግንቡ 1.7 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ በአንድ በኩል የታቆረው ውሃ፣ በሌላ በኩል እስከ ዓይን ማለቂያ ማሳ። እዚህ ሰው ፎቶ ሲነሳ ሰዓቱ ይሄዳል። ተነሡና ቶሎ ውረዱ።

ዋናው ቦይ ከግድቡ ይነሳል። ሰፊ ነው፣ ጎንና ጎኑ በሲሚንቶ ተለብጧል። የአካባቢውን ወገብ ይዞ ዝም ብሎ ይሄዳል። ከእሱ ላይ በየቦታው የብረት በር ባለበት ትንንሽ ቦዮች እየተገነጠሉ ወደ ማሳው ይወርዳሉ። ችግሩ እነዚህ ናቸው። ለሳይክል ነጂ ከዋናው ይልቅ እነሱ ያምራሉ። ጥላ አላቸው፣ ባህር ዛፍ ተተክሎባቸዋል፣ ፔዳል ሳትመቱ ይሄዳሉ። ለምን ሳትመቱ ይሄዳሉ? እየወረዳችሁ ስለሆነ ነዋ!

እኔ ይህን አላሰብኩም። አንዱን ያዝኩና እየዘፈንኩ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ወረድኩ። «ጎበዝ ሆኛለሁ» ብዬ ነበር ራሴን። አንድ ጠና ያሉ ሰውዬ አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው የብረቱን በር ሲያስተካክሉ አገኘሁና «እግዜር ያበርታዎ» አልኳቸው።

«ያበርታህ። ወዴት ነው ወንድሜ?»

«ቦዩን ይዤ ዞሬ ወደ ግድቡ ነኝ።»

አዩኝ። ሳይክሉን አዩት። «ግድቡማ በስተኋላህ ቀረ። ይኸ ውሃ ወደ ማሳ ነው የሚሄድ፣ ከማሳው ወዲያ መውጫ የለውም» አሉኝ።

የውሃ አባት ናቸው፤ ተራ እየጠበቁ ውሃውን ለየገበሬው የሚያከፋፍሉት እሳቸው ናቸው። አንድ ምልክት ሰጡኝ፣ እስከ ዛሬ የምጠቀምበት እሱን ነው። ዋናው ውሃ ዝም ይላል፣ የሚጮኽ ውሃ ወራጅ ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ወራጆቹ ቦዮች ላይ ውሃው እንዳይፈጥን በየተወሰነ ቦታ ደረጃ ተሠርቶለታል፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ፏ ይላል። ዋናው ላይ ግን ካቴናችሁ ሲንኳኳ ትሰማላችሁ እንጂ ውሃውን አትሰሙም። ስለዚህ የውሃ ድምፅ በሰማችሁ ቁጥር ቁሙና የት እንዳላችሁ አስቡ። መውረድ ከፈለጋችሁ ውረዱ፣ ያምራል፤ ግን ያንኑ ያህል በእኩለ ቀን ፀሐይ እንደምትወጡት አውቃችሁ ውረዱ። ያን ቀን ለመውረድ ሩብ ሰዓት ፈጅቶብኝ ለመውጣት ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደብኝ። (ያ ሰዓት ጎማ የለጠፍኩበትንም ይጨምራል።)

እሾህ

አሁን ወደ ብሽቀቴ።

ገበሬው ማሳውን ከከብት ለመጠበቅ በግራርና በቀጋ ያጥራል። አጥሩ ሲታደስ ቅርንጫፉ መንገድ ላይ ይጎተታል፣ የተሰበረው እሾህ እዚያው ይቀራል። ቀይ አፈር ላይ ደረቅ እሾህ አይታይም። ስለዚህ ጎማ መተንፈሱ አይቀርም፤ ጥያቄው ስንት ጊዜ ነው የሚለው ነው።

እኔ የሆንኩት ይኸውላችሁ። ከወራጁ ቦይ ስመለስ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። አወጣሁ፣ ቀዳዳውን አገኘሁ፣ ለጠፍኩ፣ ነፋሁ፣ ሄድኩ። ሦስት መቶ ሜትር ሳልሄድ ተነፈሰ። መለጠፊያው አልያዘም ብዬ ማስቲሽ የሸጠልኝን ባለሱቅ ረገምኩት። እንደገና ለጠፍኩ፣ በዚህ ጊዜ በደንብ ፈግፍጌ። ትንሽ ሄድኩ፣ ተነፈሰ። ሦስተኛው ላይ ሳይክሉን ገልብጬ አጠገቡ ቁጭ አልኩና ዝም ብዬ ቀረሁ።

ከማዶ ልብስ የሚያጥቡ እናት መጡ። «ልጄ፣ እሾህ ወጋህ?» አሉኝ።

«እኔን ሳይሆን ጎማውን ነው እማማ።»

«እስቲ ወዲህ በለው።»

ኮፐርቶኑን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አደረጉና እንደ ሕፃን ራስ ውስጥ ውስጡን በጣታቸው ዳሰሱት። ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ጣት። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። አንገታቸው ላይ በክር ካንጠለጠሉት ወረንጦ ጋር ጎንበስ አሉና አወጡልኝ። የስንዴ ፍሬ ግማሽ አታክልም። ከውጭ ተሰብራ ስለቀረች በዓይን አትታይም ነበር፤ ኮፐርቶኑ ክብደት ሲያርፍበት ብቻ ነው ጫፏ ወደ ውስጥ ብቅ የምትለው። እኔ ሁለት ጊዜ ካላማዳሪውን ስለጥፍ አንድም ጊዜ ኮፐርቶኑን አልዳሰስኩም።

እንግዲህ አሠራሩ ይህ ነው። ሳይክሉን ገልብጡት። ጎማውን ከማውጣታችሁ በፊት የኮፐርቶኑ ጽሑፍ ከቫልቮላው (አየር ከሚነፋበት) አንጻር የት እንዳለ እዩ፣ ወይም ቫልቮላው ጋ በጭቃ ምልክት አድርጉ። ይህን አትዝለሉ፤ ዋናው ሥራ ይህ ነው። ከዚያ ኮፐርቶኑን በማንኪያዎቹ እጀታ ከቸርኬው አውጡት። ካቻቢቴ የሚጠቀም ሰው አያለሁ፣ ሁለተኛ ቀዳዳ የሚያወጣው ራሱ ነው። ኮፐርቶኑን በአንድ ጎን ብቻ ማውጣት ይበቃል።

ካላማዳሪውን ትንሽ ንፉና ቀዳዳውን ፈልጉ። ካልተገኘ ሃይላንድ ቆርጣችሁ ውሃ ሞልታችሁ በትንሽ በትንሹ ንከሩት፣ አረፋ የሚወጣበት ነው። አሁን ከቫልቮላው እስከ ቀዳዳው ስንት ስንዝር እንደሆነ ለኩ። ኮፐርቶኑ ላይ ከምልክታችሁ ተነሥታችሁ ያንኑ ስንዝር ወደ ግራም ወደ ቀኝም ለኩ። እሾኋ ከሁለቱ በአንዱ አለች። መላውን ኮፐርቶን ከመፈለግ ሁለት ቦታ መፈለግ ይቀላል። ጣታችሁን ላለመወጋት መጀመሪያ ጥጥ አስኪዱበት፤ ጥጡ ሲይዝ ቆማችሁ ዳስሱ። ወረንጦ ያለው በወረንጦ፣ የሌለው ከውጭ በመርፌ ገፍቶ ያውጣት። አንዷን ካገኛችሁ በኋላም አትቁሙ፣ ዙሩን ጨርሱ። እሾህ ብቻውን አይመጣም።

መለጠፉ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት እስኪሻክር ፈግፍጉ፣ ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ጠብቁ። ሰው ሁሉ የሚያጠፋው እዚህ ነው፤ እርጥብ ላይ ይለጥፋል። ማስቲሹ ማብረቅረቁን ትቶ በጣት ሲነኩት የማይከተል እስኪሆን አምስት ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። እፍ እያላችሁ አታስቸኩሉት፣ ትንፋሽ እርጥበት አለው። ከዚያ መለጠፊያውን አስቀምጣችሁ በማንኪያው ሆድ አጥብቃችሁ እሹት።

ሰነፍ ከሆናችሁ፣ እኔ ነኝና፣ ትርፉን ካላማዳሪ አስገቡና ልጠፋውን ለቤት ወይም ለጎሚስታ አቆዩት። እሾኋን ማውጣት ግን ለማንም አይቆይም። ስትነፉም ኮረኮንች ላይ እንደ ድንጋይ አታጠንክሩት፤ በአውራ ጣት ስትጫኑት ትንሽ እሺ የሚል ይሁን።

ስለ ሰዉ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ውሃው

መንገዱ ለእናንተ አልተሠራም። የጫነ አህያ ስታዩ ከሩቁ ውረዱና ከቦዩ በተቃራኒ ቁሙ። አህያ ሳይክል ሲያይ ይደነብራል፣ ደንብሮ የሚገባው ቦዩ ውስጥ ነው፣ ጤፉ የናንተ ዕዳ ነው። ከኋላ ከሆናችሁ ደወል አትደውሉ፣ በድምፅ «እንዴት ዋላችሁ» በሉ። ውሻ ከመጣ ውረዱና ሳይክሉን መሃላችሁ አድርጉ። መሮጥ እሱን ማበረታታት ነው። ሕፃናት ከኋላ ይሮጣሉ፤ ፍጥነት አትጨምሩ፣ ቦይ ዳር ነው ያሉት።

የቦዩን ውሃ አትጠጡ፣ እግራችሁንም አትንከሩ። ቀስ ብሎ የሚሄድ የመስኖ ውሃ የቢልሃርዝያ መኖሪያ ይሆናል። ዋኝቼ ልቀዝቅዝ የሚል ደግሞ ሲሚንቶውን ይይ፦ ጎኑ ዘቅዛቃ ነው፣ አረንጓዴ አልጌ ይዞ ያዳልጣል፣ ገብቶ መውጣት የሚይዙት ነገር ስለሌለ ያስቸግራል። መንገዱ በጠበበበት ሁሉ ወርዳችሁ ግፉ።

ማረፍ ስትፈልጉ ውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬዎቹን ፈልጉ። ሌሊት ገበሬው ሲተኛ የሚመጣው ውሃ የሚቆየው እነሱ ውስጥ ነው። ወፍ ሞልቶባቸዋል። በሶውን እዚያ ምቱ።

መልስ

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ የትም ሁኑ የት፣ ተመለሱ። ቦዩ ስለማያደክም ሰው ራሱን ይረሳል፣ ገና ነኝ ይላል። ከመራዊ ወደ ባሕር ዳር በአጠቃላይ ቁልቁል ነው፤ በሳይክል መመለስ ያኮራልም ይቻላልም። አንድ ነገር ግን ቁልቁለቱን ይበላዋል፣ ነፋሱ። ጠዋት ጸጥ የሚለው ጣና ከሰዓት በኋላ መንፈስ ይጀምራል፣ ጀልባ ነጂዎች በሙሉ ያውቁታል፤ እናንተ ደግሞ ፊታችሁን ወደ እሱ አድርጋችሁ ነው የምትመጡት። ሁለትና ሦስት ሆናችሁ ከወጣችሁ በሰልፍ ንዱ፣ የፊተኛው ሲደክመው ወደ ኋላ ይሂድ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ማኑብሪዮው (መሪው) ላይ ጎንበስ በሉ። ከመሸንቲ በኋላ የሐይቁ ሽታ ይመጣል ይላሉ፣ እኔ የሸተተኝ የራሴ ላብ ብቻ ነው። 12 ሰዓት ሳይሞላ ግቡ። መብራት የሌለው ሳይክል በጨለማ አስፋልት ላይ ባለቤት የለውም። ካልቻላችሁ መራዊ መናኸሪያ ሚኒባስ አለ፣ አናቱም ባዶ ነው።

ቤት ስትገቡ ካቴናውን በጨርቅ ጥረጉና ዘይት ንኩት። ሳይክሉን ግድግዳ አስደግፉና ተኙ። ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት፣ ሁለቱንም ጎማ በአውራ ጣት ተጫኗቸው። አንዱ ጎድሎ ካገኛችሁት ጥጡን አምጡና ከቫልቮላው ጀምሩ።